ቀበቶ የነካ እጅ

ከመልካ ወረር አለፍ ብሎ ባለው የጥጥ እርሻ፣ እኔ በምሠራበት ጋራዥ ውስጥ፣ ጄኔሬተሩ ከተነሣ ሰው ከሰው አይደማመጥም ነበር። ስለዚህ የምንነጋገረው በእጅ ነበር። ወደ ላይ የተዘረጋ መዳፍ «ጃኩን ከፍ አድርግ»፣ ጉሮሮ ላይ የሚሳብ እጅ ደግሞ «ሞተሩን አጥፋ» ማለት ነው። ይህን ያስለመደን ትራክተር ሊጠግን የመጣ ኩባዊ መካኒክ ነው። የሚያውቀው አማርኛ ጥቂት ነበር፤ ከዚያም ግማሹ ከእኛ የተማረው ስድብ ነው።

ጨዋታውንም ያመጣው እሱ ነው። ሶፍትቦል ይባላል ቢለንም እኛ የዱላ ኳስ አልነው። ኳሷን ከጥጥ ውዳቂ ጠቅልለን በቆዳ ሰፋናት። ዱላውን በጋራዡ ቶርኖ ያወጣሁት እኔ ነኝ። ብረት በሚላግበት ማሽን እንጨት ማስገባት ክልክል ነበር፤ ኩባዊው ግን በር ላይ ቆሞ ጠበቀልኝ። ቶርኖውን ማንም አላስተማረኝም። አንጋፋው የቶርኖ ሠራተኛ ሲሠራ ከጀርባው ቆሜ እያየሁ፣ በኋላም የተቀዳደደ መመሪያውን በሥዕሉ እየተረዳሁ ለመድኩት። ሰውዬው ጡረታ ሲወጣ ቦታው የኔ እንደሚሆን ተነግሮኝ ነበር። በዚያ ዘመን የምመኘው ሌላ ነገር አልነበረኝም።

የጨዋታው ሕግ ቀላል ነው። ወርዋሪው ክንዱን ከታች አወናጭፎ ኳሷን ይልካል፤ መቺው መትቶ ይሮጣል። በአራት ማዕዘን የተቀመጡትን ጆንያዎች ዞሮ መነሻው ላይ የደረሰ ነጥብ ያገባል። ኳሷ ጆንያው ላይ ከቀደመችው ግን ተቃጥሏል፤ ይወጣል። አሰልጣኙ ሜዳ ዳር ቆሞ በእጁ ያዛል። ጆሮ ከነካ «ቁም» ነው፤ ክንዱን ከጠረገ «ሩጥ»፤ ደረቱን ከነካ «እንደልብህ ምታ»። ተቃራኒው ቡድን እንዳያውቅብን ግን ምልክቱ በብዙ ውሸት ተሸፍኖ ነው የሚመጣው። አፍንጫውን ያካል፣ ጆሮውን ይይዛል፣ ጉልበቱን ይመታል። ያ ሁሉ ባዶ ነው። ኮፍያውን ሲነካ ያን ጊዜ ዓይንህን አትንቀል፤ ከኮፍያው ቀጥሎ የሚነካው ብቻ ነው እውነቱ።

ከምልክቶቹ ሁሉ ለኔ የሚደርሰኝ ቀበቶ ነበር። ቀበቶ ማለት «ኳሷን አትምታት፤ በዱላው ነካ አድርገህ እግርህ ሥር ጣላት» ማለት ነው። እነሱ ጎንበስ ብለው አንስተው አንተን ሲያቃጥሉ፣ ቀድሞ ጆንያ ላይ የነበረው ጓደኛህ ወደፊት ያልፋል። አንተ ትወጣለህ፣ እሱ ይገባል።

ኩባዊው አገሩ ሲመለስ ቀይ ኮፍያውን ለጋራዡ ኃላፊ ሰጥቶት ሄደ። ኃላፊው ጋሼ የምንለው፣ ድምፁን ከፍ የማያደርግ ሰው ነው። ከኮፍያው ጋር አሰልጣኝነቱም ለሱ ሆነ። የሚስቱ ወንድም ከኛው ጋር በጋራዡ ይሠራል፤ ሩጫው እንደ ሰስ ነው። ጋሼ እሱን ሁልጊዜ ከኔ በፊት ያስመታዋል። እሱ መትቶ ጆንያ ላይ ይደርሳል፤ እኔ ስገባ ጋሼ ኮፍያውን ነካ፣ ቀበቶውን ነካ። በቃ።

አንድ እሁድ አዋሽ ከተማ ሄደን ከባቡር ጣቢያው ጀርባ ባለው ሜዳ ከጥጥ መዳመጫ ፋብሪካው ሠራተኞች ጋር ገጠምን። ነጥባችን እኩል ነበር። የጋሼ ሚስት ወንድም ሦስተኛው ጆንያ ላይ ደርሷል። እኔ ዱላውን ይዤ ገባሁ፤ ቀበቶ መጣ። ኳሷን ነካኋት፤ አቧራው ውስጥ ዝም አለች።

«እንቁላል ነው እንዴ የምትነካው!» አለ አንዱ ተመልካች።

«ተወው፣ ዱላው ከብዶታል!»

እኔ ተቃጠልኩ፤ እሱ ገባ፤ አሸነፍን። ልጆቹ እሱን ትከሻቸው ላይ አወጡት። ከኛ ጋር በመኪናው የመጣው የእርሻው ዘበኛ፣ አንድ ሽማግሌ አፋር፣ አጠገቤ መጥቶ «ቆይ፣ አንተ ለምንድን ነው ሁልጊዜ ራስህን የምታስይዘው?» አለኝ። ላስረዳው ሞከርኩ። «አሃ፤ እሱስ አንድ ቀን ላንተ ይያዛል?» አለ።

ሳቅኩበት። ስንመለስ ጋሼ በመኪናው ውስጥ እጁን ትከሻዬ ላይ ጥሎ «አንተ ባትኖር እሱ የት ይገባ ነበር?» አለኝ፤ ያ ይበቃኝ ነበር። ጋሼ አንድ ሕግ ነበረው፤ ምልክት ተሰጥቶት ለምን ብሎ የጠየቀ በሚቀጥለው ጨዋታ አይሰለፍም። እኔ ጠይቄ አላውቅም።

ስብሰባው የተጠራው ጥጥ በሚከመርበት መጋዘን ነው። ለሰሜኑ ጦር ከእያንዳንዱ ክፍል አንድ ሰው ይፈለጋል ተባለ። ካድሬው ጠረጴዛ ፊት ቆሞ ለረጅም ጊዜ ተናገረ። ጋሼ የኮሚቴ አባል ስለሆነ ከጎኑ፣ ከኛ ፊት ለፊት ተቀምጧል። ቆርቆሮው ግሎ ሁላችንም በላብ ርሰናል።

«ከጋራዥ በፈቃደኝነት የሚነሣ?» አለ ካድሬው።

ማንም አልተነሣም። ጋሼ አፍንጫውን አከከ። ጉልበቱን መታ መታ አደረገ። እኔን አየኝ። ኮፍያውን ነካ፣ ቀበቶውን ነካ።

ለምን እንደተነሣሁ ብዙ ሰው ጠይቆኛል። ከዚያ በፊት በነበረው የምልመላ ዙር መጀመሪያ የተነሣው የብየዳ ሠራተኛ ተጨብጭቦለት፣ «አርአያ ነው፣ ለምርቱ ያስፈልጋል» ተብሎ ወደ ሥራው ተመልሶ ነበር። ጋሼ ኮሚቴው ውስጥ ነው፤ እኔ የማላውቀውን ያውቃል፤ ስለዚህ መዳኛዬን እያሳየኝ ነው ብዬ አመንኩ። ይህን ግን ያሰብኩት ከቆምኩ በኋላ ነው። መጀመሪያ እግሬ ተነሣ።

ተጨበጨበ። የጋሼ ሚስት ወንድም አጠገቤ ተቀምጦ የጫማውን ክር ያስር ነበር፤ ክሩ ግን አልተፈታም ነበር።

ሲበተን ጋሼን ውሃ በርሜሉ ዘንድ አገኘሁት።

«ጋሼ፣ እንደ ብየዳው ልጅ ይመልሱኛል አይደል?»

«ማን እንዲህ አለህ?»

«ቀበቶ ሰጥተውኛልኮ።»

«ሱሪዬ ሲወርድ ከፍ ማድረግ ክልክል ሆነ ደግሞ?»

«ኮፍያውን ነክተዋል።»

«ላብ ነው። የተቀመጥነው ደብረ ብርሃን መሰለህ?» አለና ጣሳውን ሞልቶ ጠጣ። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «አንተ ደግሞ ብቻህን ነህ ወንድሜ። እሱ ሚስቱ ልትወልድ ነው» አለ።

ስለ ማን እንደሚያወራ አልጠየቅሁትም። እሱም የተናገረው የገባው ከተናገረ በኋላ ነው መሰለኝ፣ ጣሳውን በርሜሉ ላይ ደፍቶ ሄደ።

አልተመለስኩም። በሦስተኛው ቀን ከሌሎቹ ጋር በመኪና ወሰዱን። ስለ ጦርነቱ እዚህ አልጽፍም። መንግሥቱ ወድቆ፣ ሠራዊቱ ተበትኖ ስመለስ ከግራ እጄ ሁለት ጣት ጎድሎ ነበር።

መጀመሪያ የሄድኩት ወደ ጋራዡ ነው። ቶርኖው ላይ የጋሼ ሚስት ወንድም ቆሟል። የማሽኑ መለኪያ መንኰራኩር ቁጥር ከድሮም ተፍቆ ስለነበር፣ እኔ ልኩን እንዳልስት ሞረድ ይዤ ጠርዙ ላይ ትንሽ ጭረት አበጅቼበት ነበር። እሱ አሁን በዚያች ጭረት እየለካ ይሠራል።

«እንኳን በሕይወት መጣህ» አለኝ። ማሽኑን አላጠፋም።

«ያን ቀን አይተኸው ነበር?» አልኩት። ጮክ ማለት ነበረብኝ።

ምን እንደምል ገብቶታል። «እኔ ሯጭ ነበርኩ» አለ። «ቀበቶ የመቺው ነው።» ዓይኑን ከብረቱ አላነሣም።

ከዚያ ወደ አዋሽ ሄድኩ። የወሎ ሰው የሆኑ እናት ሻይ ቤት ገባሁ፤ እጄን አይተው «አላህ ይካስህ ልጄ» ብለው ሻይ አቀረቡልኝ። ሁለት ጊዜ እንደተጎነጨሁ ጋሼ ከመንገዱ መጣ። አርጅቷል። ሲያየኝ በሩ ላይ ቆመ። ሴትየዋ «ግቡ እንጂ» ሲሉት እንኳ አልተንቀሳቀሰም። ቀኝ እጁን አንሥቶ ደረቱ ላይ አደረገና እዚያው አቆየው። በሜዳው ቢሆን «እንደልብህ ምታ» ነው።

ይቅርታ ይሁን ሰላምታ፣ ሌላ ሰው ቢሆን ይገባው ይሆናል። እኔ ግን እሱ ራሱ እንዳሰለጠነኝ መጀመሪያ ያየሁት ጭንቅላቱን ነው። ኮፍያ አልነበረውም። ሻዬን ሳልጨርስ ተነሥቼ በጎኑ አልፌ ወጣሁ።