ከሉሁ ያልለቀቀው ቀለም

ሐሙስ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ነበር። ሞያሌ ውስጥ፣ በኬንያ በኩል ያለው ሰፈራችን ሄሉ በሙቀት ፀጥ ብሏል፤ ፍየሎቹ እንኳ የግድግዳውን ጥላ ተከትለው ተኝተዋል። አጎቴ ደጃፋቸው ላይ ተቀምጠው፣ «ልጄ፣ ቀለም አልቆብኛል። እጄ ከሰል መውቀጥ እንቢ አለኝ፤ አንቺ ሥሪልኝ» አሉኝ።

አጎቴ ቁርኣን ያስተምሩ ነበር። አሁን ተማሪ የላቸውም። ግን በየቀኑ፣ ከአባታቸው በወረሱት ሉህ ላይ ጥቂት መስመር ይጽፋሉ። ሉሁ እጀታ ያለው የእንጨት ሰሌዳ ነው፤ ጀርባው በአባታቸው ቢላ የተቀረጸ፣ ፊቱ ለስላሳ። አንብበው ሲጨርሱ ያጥቡትና የቁርኣን ቃል የነካውን እጣቢ ሰው በማይረግጠው በኒም ዛፉ ሥር ያፈሱታል። ቀለሙም የሚሠራው እንዲታጠብ ነው፤ የከሰል ዱቄት፣ የግራር ሙጫና ውሃ።

እኔ ዩኒቨርሲቲ የተማርኩት ኬሚስትሪ ነው። የከሰሉ ቀለም የደበዘዘ መሰለኝ፤ ለእሳቸው ድምቅ ያለ ጥቁር ተመኘሁ። የግራር ቅርፊት ቀቀልኩ፣ የዛጉ ሚስማሮች ጨመርኩበት። ሻይ የመሰለው ውሃ መጀመሪያ አመድማ ሆነ፣ ከዚያ እንደ ጥልቅ ጉድጓድ ጠቆረ። ድስቱ አጠገብ ተቀምጬ ስመለከተው የራሴ ፊት ከታች ይመጣና ይጠፋል። የምሽቱ የመግሪብ አዛን እስኪሰማ ጊዜው የት እንደሄደ አላወቅሁም።

አርብ ከሰዓት በኋላ አጎቴ በአዲሱ ቀለም ሉሁ ላይ ጻፉ።

«እንዲህ ያለ ጥቁር ከየት አመጣሽው፣ ፕሮፌሰር?» አሉ ባለቤታቸው። አፈርኩ፤ ደስም አለኝ።

ሲደርቅ አጎቴ ሉሁ ላይ ውሃ አፈሰሱ። ውሃው ጥርት እንዳለ ወረደ። በመዳፋቸው አሹት። አንድ ፊደል አልተነቃነቀም፤ የቅርፊቱና የዝገቱ ቀለም እንጨቱ ውስጥ ሰርጓል።

«ፕሮፌሰሯ ለሰባት ትውልድ ነው የሠራችው» አሉ ባለቤታቸው። አጎቴ አልሳቁም። ሉሁን ወደ ብርሃን አነሡት፤ ከመታጠብ ብዛት መሃሉ ሳስቷል።

«ከተፋቀ ይሰነጠቅ ይሆን?» አልኩ፣ ድምፄን ዝቅ አድርጌ።

«ሊሰነጠቅ ይችላል። ካልተፋቀ ደግሞ የምጽፍበት የለኝም።»

«አዲስ ቢሠራልዎስ?»

«ለአንቺ ይሠራልሽ። እኔ ፊደል የለየሁት በዚህ ነው።» ሉሁን ጭኔ ላይ አኖሩት። «ያንቺ እጅ አይንቀጠቀጥም።»

ቅዳሜ ጠዋት ግቢው ውስጥ ነጭ ጨርቅ አነጠፍኩ፤ ፍቅፋቂውም እንደ እጣቢው መረገጥ የለበትም። በጠርሙስ ስባሪ፣ ትንፋሼን ይዤ፣ ቀስ ብዬ ፋቅሁ። ጥቁሩ ዱቄት እየሆነ ይወርዳል። ፊደሎቹ ግን የሚጠፉ አይመስሉም፤ ወደ እንጨቱ ውስጥ ገብተው የሚተኙ ይመስላሉ። የሳሳው መሃሉ ላይ ስደርስ ከጣቴ ሥር እንጨቱ ሊሰነጠቅ ሲል ቀጭን ድምፅ ተሰማኝ። እጄን ሰበሰብኩ። አንድ የጽሑፍ መስመር ሳይፋቅ ቀርቷል።

ጨርቁን ቋጠርኩና ሉሁን በሁለት እጄ ይዤ ገባሁ።

«አጎቴ፣ ከዚህ በላይ አልፍቅም» አልኳቸው። «ከቀረው መስመር በላይና በታች ይጻፉ።»