ለታላቅ ወንድሙ የሰጠሁት መልስ

ሮም፣ ፒኜቶ ሰፈር ገበያ ውስጥ አትክልት የሚሸጥ አንድ የፓኪስታን ፓሽቱን ነበር። የምንከባከባቸው አሮጊት ሲኞራ ትኩስ ባቄላ ካላገኙ ያኮርፋሉ እያልኩ በየቀኑ እሱ መሸጫ መደብ፣ ባንኮው ጋ እገተር ነበር። ውሸቴን ነው። ሲኞራ ባቄላ አይወዱም፤ እኔ ነኝ እሱን የወደድኩት።

ወሬው ሁሉ ስለ ትውልድ ከተማው ነው። ፓኪስታን ከአፍጋኒስታን በሚዋሰንበት ተራራ ሥር፣ ወንዝ ዳር ያለች የገበያ ከተማ ናት። እሱ ልጅ ሳለ አንድ መስመር ሱቅ ብቻ ነበራት። ከዚያ ወዲህ ግን ታላቅ ወንድሙ በደወለ ቁጥር አድጋ ትገኛለች። ዛሬ የጎማ ተራ፣ በሳምንቱ የሻይ ቅጠል ተራ፣ ደግሞ የጭነት መኪና የሚያሸበርቁ ቀለም ቀቢዎች ተራ፤ ከዚያ ጥርስ ነቃይ ሳይቀር።

"ወንዙን ተሻገርን እኮ!" ይለኛል በጣልያንኛ፣ ሱቆቹን በቲማቲም እየደረደረ ሊያሳየኝ።

"ኧረ ባክህ! በዚህ አያያዟማ ሮም ትደርሳለች!" እለዋለሁ። እንደ እብድ እንስቃለን።

ታዲያ አንድ ሰሞን ወንድሙ ከወንዙ ማዶ አዲስ ሱቅ ያዘለትና ጠቅልለህ ግባ አለው። መልሱን እስከ አርብ ይፈልጋል፤ ካልሆነ ሱቁ ለአጎታቸው ልጅ ነው። ይህን ሲነግረኝ "አትሂድ" ልለው አፌ ላይ ደርሶ ነበር፤ ግን እኔ ምኑ ነኝ? "አሎራ፣ እንግዲህ እንኳን ደስ ያለህ!" አልኩና ባቄላዬን ይዤ ሄድኩ። ትራም ተሳፍሬ አለቀስኩ፤ እንባዬን ስጠርግ ለካ ትራሙም የኔ አይደለም።

አርብ ረፋድ ላይ ስመጣ እሱ ከመንገዱ ማዶ ከመኪና ሣጥን ያወርዳል። ባንኮው ላይ የተወው ስልክ ጮኸ። አነሳሁት። ወንድምየው ነው፤ በቋንቋቸው በፓሽቶ አንድ ነገር ይጠይቃል፣ ደግሞ ይጠይቃል። ጣልያንኛው ሁሉ ከአፌ ብን ብሎ ጠፋ። ስልኩን እንደያዝኩ ወደ ማዶ በአማርኛ አንባረቅኩ፦

"ና! ኧረ ና! ና እንጂ!"

እሱ እየሮጠ መጥቶ ተቀበለኝ፣ ጥቂት አዳመጠ፣ ከዚያ ስልኩን ከጆሮው አነሳ። ወንድምየው ዘግቶበታል።

"ምን አልሽው?"

"እኔ? ምንም! አንተን ነው የጠራሁት።"

"'ና' በኛ ቋንቋ 'አይሆንም' ነው። 'ሴትዮዋ ሦስቴ መልሱን ነግራኛለች፣ መጮህ አያስፈልጋትም ነበር' አለኝ። ሱቁን ለአጎታችን ልጅ ሊሰጥ ነው።"

ምድር ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። "ደውልለት! በማርያም ደውልለት፣ ተሳስታ ነው በለው!"

እሱ ግን መሳቅ ጀመረ። ሆዱን ይዞ ሳቀ፣ ሣጥን ላይ ተቀምጦ ሳቀ። እኔም ምን እንደሚያስቀኝ ሳላውቅ አብሬው ሳቅኩ።

"በኛ ዘንድ ለታላቅ ወንድም እምቢ አይባልም" አለኝ ዓይኑን እየጠረገ። "ይህችን ቃል ልናገራት ስንት ቀን እንደታገልኩ ብታውቂ! ባንቺ ቋንቋስ ምን ማለት ናት?"

አፈርኩ። ባቄላውን መነካካት ጀመርኩ።

"ወደኔ ቅረብ ማለት ናት።"

ስልኩን አጠፋና ተነስቶ አጠገቤ ቆመ። እጁ አፈር ብቻ ነበር፤ እንደዚያው ያዝኩት።