የቡሬ ዝናብ መጥረጊያ እና የዘመሮው ክርስትና

መነሻ፦ ዓለም ከተማ

ይህ ጉዞ አንድ ዓላማ ብቻ ነበረው፤ ባለቤቴን የሺን በሰዓቱ ዘመሮ አድርሼ ክርስትና ማስነሳት። የሺ የዘመሮ ልጅ ናት። እቴነሽ ከምትባል የጎረቤት ልጅ ጋር አብረው ውኃ ቀድተው፣ አብረው ተምረው አድገዋል። ገና ልጆች ሳሉ "የመጀመሪያ ሴት ልጄን ክርስትና የምታነሺው አንቺ ነሽ" ተባብለው ቃል ተገባብተዋል። ለእኛ እግዚአብሔር ልጅ አልሰጠንም። እቴነሽም ብዙ ዓመት ስትጠብቅ ቆይታ ግንቦት ላይ ሴት ልጅ ታቀፈች። ሴት ልጅ የምትጠመቀው በሰማንያ ቀኗ ነው፤ ቀኑ እንደ ስብሰባ ለሌላ ጊዜ አይተላለፍም። የክርስትና እናቷ ከቀረች ቄሱ እዚያ ከቆሙት ሴቶች አንዷን ጠርተው ሕፃኗን ያስታቅፏታል፤ የልጅቱ የክርስትና እናትም ዕድሜ ልኳን ያችው ሴት ትሆናለች። የሺ ይህን እያሰበች ሳምንቱን ሙሉ እንቅልፍ አልነበራትም።

ጊዜው ደርግ ከወደቀ ጥቂት ዓመታት ያለፉበት፣ ወሩ ነሐሴ፣ ጾሙ ፍልሰታ ነው። እኔ የሒሳብ መምህር ነኝ፤ ትምህርት ቤት ተዘግቷል። በአውቶቡስ እንዳንሄድ በክረምት መንዝ የገባ አውቶቡስ መቼ እንደሚወጣ ሾፌሩም አያውቅም። ስለዚህ ቡሬን አስነሳን። ቡሬ ከአጎቴ የወረስኩት ትንሽ አሮጌ መኪና ነው። አካሉ ቡናማ፣ አንድ በሩ ነጭ ስለሆነ የሰፈሩ ሰው የበሬ ስም አወጣለት።

ቡሬ አንድ ሕመም ነበረበት፤ ዝናብ መጥረጊያው አይሠራም። ጎረቤቶቼ "አዲስ አበባ ጋራዥ ውሰደው" አሉኝ። እኔ ደግሞ የሰው እጅ የሠራውን ነገር ሌላ ሰው ሲፈታው ቆሞ ማየት አልወድም። መጥረጊያውን የምታንቀሳቅሰውን ትንሿን ሞተር አውጥቼ ጠረጴዛ ላይ ፈታኋት። ሲከፍቷት ቀላል ናት፤ በመዳብ ሽቦ የተጠመጠመ የሚሽከረከር ዘንግ አለ፣ በግራና በቀኝ ሁለት ጥቁር ካርቦኖች እየነኩ ኤሌክትሪክ ያቀብሉታል። የእኔዎቹ ካርቦኖች አልቀው እንደ ሳሙና ቁራጭ ቀርተዋል። የሞተ የራዲዮ ባትሪ ድንጋይ ሰበርኩና መሐሉ ያለውን ጥቁር ካርቦን አወጣሁ፤ በሞረድና በብርጭቆ ወረቀት እያሳሳሁ በልኩ ቀረጽኩት። ከመኪናው ባትሪ ጋር ሳገናኛት ሞተሯ እንደ ንብ ጮኸች። በደስታ የሺን አቅፌ ነጭ ቀሚሷን በጥላሸት አበላሸሁባት።

የቀረው የሞተሯን ዙር ወደ መጥረጊያው የሚያስተላልፉት የብረት ጥርሶች ያሉበትን ቤት ግራሶ መቀባት ነበር። በከተማው ሱቅ ሁሉ ግራሶ ጠፋ። ጓዳ ገብቼ የተረሳ የበግ ሞራ አገኘሁና አቅልጬ ጥርሶቹ ላይ አፈሰስኩት።

"በጾም ሞራ?" አለች የሺ።

"መኪና አይጾምም።"

ጀማ በረሃ

በማግስቱ ጠዋት ተነሳን። ከዓለም ከተማ ቁልቁል ወደ ጀማ ሲወርዱ እያንዳንዱ ጥምዝ አንድ ልብስ ያስወልቃል። ሸለቆው ግርጌ ስንደርስ በሸሚዝ ቀርተን በቆሎ እሸት እየጋጥን ነበር። ድልድዩ አጠገብ ለብ ያለ ካፊያ ያዘን፤ ማብሪያውን ተጫንኩ። መጥረጊያዎቹ ሽው፣ ሽው እያሉ መስታወቱን ወለወሉት። ካፊያው ካቆመ በኋላም ለደስታዬ ስል ትንሽ አስጠረግኩ። የሺ "አሁንስ መስታወቱን ልታሳሳው ነው" ብላ ሳቀች። ከሰኞ ወዲህ የመጀመሪያ ሳቋ ነበር።

በለሚና በሙከጡሪ አድርገን፣ አዲስ አበባን ነካ አድርገን ወጥተን፣ ሲመሻሽ ደብረ ብርሃን ገባን። ሽሮ በላን፤ እንጀራው ትኩስ፣ ክፍሉ በረዶ ነበር። ሁለት ብርድ ልብስ ደርበን ካፖርታችንን ከላይ ጣልንበት።

ጣርማ በር

በነጋታው ጣርማ በር ላይ ወደ መንዝ በሚገነጠለው መንገድ ጥግ አንድ ሽማግሌ በርኖሳቸውን ተከናንበው ቆመው እጃቸውን ዘረጉ። አባባ ደምሴ ይባላሉ፤ ሞላሌ ነው የሚወርዱት። የበግ ጠጉር የታጨቀ ስልቻ ይዘው ከእኔ ኋላ ተቀመጡ፤ ገና በሩ ሳይዘጋ እንዝርታቸውን አውጥተው መፍተል ጀመሩ። መንዝ ውስጥ ወንዱም ጠጉር ይፈትላል። አባባ ደምሴ ደግሞ መኪናው እየዘለለ እንኳ ክራቸው አይበጠስም።

ብዙም ሳንርቅ ጉሙ ዋጠን፤ ዝናቡም ተከተለ። ማብሪያውን ተጫንኩ። መጥረጊያዎቹ ግማሽ መንገድ ሄደው ቆሙ። ደግሜ ስጫን ከመሪው ፊት ካለው ክሩስኮቶ ሥር የተቃጠለ ፕላስቲክ ሸተተኝ፤ ፊውዙ ተቃጠለ። በግራችን ገደል እንዳለ አውቃለሁ፣ ግን አላየውም። መኪናውን አቆምኩ።  

ሞተሯ ተቃጥላለች ብዬ ደመደምኩ። መጥረጊያዎቹን ከሞተሯ አላቀቅኩና በገመድ በእጅ ለመሳብ አሰብኩ። በዝናብ እየተቻኮልኩ የየሺ ቦርሳ ውስጥ እጄን ከትቼ ስዳብስ ቀጭን የተገመደ ክር አገኘሁ፤ መጥረጊያው ላይ አሰርኩና ሳብ አደረግኩት። በሁለተኛው ስበት ተበጠሰ፤ ጎርፉ ይዞት ወደ ገደሉ ወረደ።

"ምንድን ነው የበጠስከው?" አለች የሺ።

"ክር ነው፤ ከቦርሳሽ ያገኘሁት።"

"የልጅቱ ማተብ ነው!" እንባዋ መጣ። የክርስትና እናት ለሕፃኗ አንገት ማተብ ይዛ ትሄዳለች። የሺ ያን ክር ጥቁር፣ ነጭና ቀይ ሐር መርጣ በገዛ እጇ ገምዳው ነበር። መሬት ብትውጠኝ ደስ ይለኝ ነበር።

አባባ ደምሴ ከኋላ ሆነው እንዝርታቸውን አቆሙ። "ልጄ፣ መኪናህን ክርስትና ልታነሳው ነው እንዴ?" አሉኝ። የሺ እያለቀሰች ሳቀች፤ እኔም ዳንኩ። እሳቸው የፈተሉትን የጠጉር ክር ሦስት እጥፍ አድርገው ጭናቸው ላይ እያሹ ገመዱልን። መሐሉን መጥረጊያዎቹ ላይ አስረው፣ አንዱን ጫፍ በቀኝ መስኮት ለየሺ፣ ሌላውን በኋላው መስኮት ለራሳቸው አደረጉ።

"በይ የኔ ልጅ፣ እኔ ስስብ አንቺ ትለቂያለሽ፤ አንቺ ስትስቢ እኔ እለቃለሁ። ሳብ ቡሬ!"

እንዲህ ሆነን ጉዞ ቀጠልን። እሳቸው በሬ እንደሚነዱ ይጮኻሉ፣ የሺ ትስባለች፣ እኔ በጠራችው መዳፍ በምታህል ቦታ አሾልቄ እያየሁ እነዳለሁ። ዝናቡ በሁለቱ መስኮቶች ገብቶ ሦስታችንንም አጠበን። መዘዞ ስንደርስ ከአንድ ጣራ ሥር የተጠለሉ ሰዎች አይተውን አጨበጨቡልን። አባባ ደምሴ በነጻ እጃቸው እንደ ባለሥልጣን ሰላምታ ሰጧቸው።

ሞላሌ

ሞላሌ ስንደርስ የየሺ ክንድ ዝሎ ነበር። ከዚህ በኋላ መሐል ሜዳ፣ ከዚያም ዘመሮ አለ፤ አባባ ደምሴ ደግሞ እዚሁ ወራጅ ናቸው። አንድ ሰው ብቻውን ገመዱን ከሁለቱም ጫፍ ሊስብ አይችልም። ወይ ሞተሯ ትድናለች፣ ወይ ክርስትናው ያልፈናል።

አንድ ልብስ ሰፊ በረንዳው ላይ አስጠለለን። ሞተሯን አውጥቼ መቀመጫ ላይ አስቀመጥኳት፤ የሺ የጥርሱን ቤት ክዳን በካቻቢቴ ከፈተች። ውስጡን አይታ ጣቷን ነካ አደረገችው።

"አንተ፣ ሞተርህ አልተቃጠለችም። ይሄ እኮ የረጋ ሞራ ነው።"

ጎንበስ ብዬ አየሁ። ዓለም ከተማ ሙቀት ላይ የፈሰሰው፣ ጀማ ላይ እንደ ዘይት ያንሸራተተው ሞራ፣ የመንዝ ብርድ ሲያገኘው ደርቆ ጥርሶቹን እንደ ሰም ጨምድዷቸዋል። ሞተሯ ልትዞር ታግላ ታግላ ፊውዙን አቃጠለች እንጂ ራሷ ደህና ነበረች። ልብስ ሰፊው አንገቱን አስግጎ አየና፣ "በነሐሴ? በሞራ? እናንተ አገር ብርድ የለም እንዴ?" አለ። የለም አልኩት፤ እውነቴን ነው።

ሞራውን በእንጨት ፍቀን አወጣን፣ ጥርሶቹን በነጭ ጋዝ አጠብን። ካርቦኖቼ አልተነኩም፤ እነሱን ሳይ ትንሽ ኩራቴ ተመለሰ። ልብስ ሰፊው የስፌት መኪናውን ዘይት ሰጠኝ፤ ግን ዘይቱ ቀጭን ስለሆነ ብጨምረውም ተንጠባጥቦ ይወርዳል። ዙሪያዬን ስቃኝ ዓይኔ የአባባ ደምሴ ስልቻ ላይ አረፈ። አንድ እፍኝ ጠጉር ለምኜ አጥብቄ ጠቀጠቅኩትና ዘይት አጠጥቼ ከጥርሶቹ ጎን ወተፍኩት። ጥርሱ በዞረ ቁጥር ጠጉሩን ይነካና ከዘይቱ ትንሽ ይልሳል። በተቃጠለው ፊውዝ ቦታ ነጠላ የመዳብ ሽቦ አሰርኩ። ሽቦዎቹን ሳገናኝ የሺ እጆቿን አገናኝታ ዓይኗን ጨፍና ነበር። ሞተሯ አንዴ አቃሰተችና ዞረች። የሺ በረንዳው ላይ እልል አለች፤ መንገደኛው ሁሉ ማን አገባ ብሎ ዞሮ አየን።

ስንሰነባበት አባባ ደምሴ አንድ ነገር በየሺ መዳፍ ላይ አኖሩ። እኛ ከሞተሯ ጋር ስንታገል እሳቸው ንጹሕ ጥቁርና ነጭ ጠጉር መርጠው ቀጭን ማተብ ገምደዋል።

"ሐር ባይሆንም አይበጠስም" አሉና በርኖሳቸውን ሰብስበው ሄዱ።

ዘመሮ

መሐል ሜዳ አድረን የክርስትናው ዕለት ማለዳ ላይ ስንነሳ በረዶ የቀላቀለ ዝናብ ይዘንባል። ማብሪያውን በስጋት ተጫንኩ፤ መጥረጊያዎቹ ተነሱ። ጭቃው ሁለት ጊዜ ያዘን፤ ሁለቱንም ጊዜ ገብስ የሚያርሙ ገበሬዎች ሥራቸውን ጥለው መጥተው ገፉን። ጊዜው ሄደ። ያዳነን ፍልሰታ መሆኑ ነው፤ በጾሙ ቅዳሴ የሚገባው ረፈድ ብሎ ስለሆነ ጥምቀቱም እንደ ወትሮው በማለዳ አልነበረም።

ቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ስንደርስ ቄሱ መስቀላቸውን ይዘው ቆመዋል፣ አንዲት ጎረቤት ሕፃኗን ታቅፋለች። እቴነሽ በሩ ላይ ቆማ "ትመጣለች አባ፣ እሷ አትቀርም" እያለች ትለምናለች። ቡሬ መጥረጊያዎቹን እያወዛወዘ ገባ። ዝናቡ ካቆመ ቆይቷል፣ መስታወቱም ደርቋል፤ እኔ ግን ካጠፋሁት ዳግም አይነሳም ብዬ ፈርቼ እያስጠረግኩ ነው የመጣሁት። ዲያቆናቱ ሳይቀሩ ሳቁ። የሺ መኪናው በቅጡ ሳይቆም ወርዳ ሮጠች። ሁለቱ ጓደኛሞች ተቃቅፈው ለረጅም ጊዜ አልተላቀቁም።

የሺ ገመድ በመሳብ በዛሉ ክንዶቿ ሕፃኗን ተቀብላ ደረቷ ላይ አስጠጋቻት። ወለተ ማርያም ተብላ ተጠመቀች። ቄሱ ማተቡን ሲቀበሉ በጣታቸው አሹት።

"የበግ ጠጉር ነው?"

"አዎ አባ። የሐሩ መንገድ ላይ ጠፋብኝ" አለች የሺ። ማን እንዳጠፋው አልተናገረችም።

"የመንዝ ልጅ አይደለች? ብርድ አይነካትም" ብለው ፈገግ እያሉ ባርከው አሰሩላት።

መመለሻ

የእቴነሽን የገብስ ጠላና የጾም ወጥ ቀምሰን በመጣንበት መንገድ ተመለስን። የሞላሌው የስፌት ዘይትና የበግ ጠጉር በጣርማ በር ብርድም፣ በጀማ ሙቀትም ሠሩ። ሰው አንድ ነገር ሲያበጅ እቤቱ ጠረጴዛ ላይ መሞከሩ አይበቃም፤ የሚሄድበትን አገር አየር መጠየቅ አለበት። በዚህ ጉዞ የተማርኩት ይህን ነው። ሌላም ተምሬያለሁ፤ የሚስትን ቦርሳ ሳያስፈቅዱ መዳበስ ጥሩ አይደለም።

ዓለም ከተማ ስንገባ የአባባ ደምሴ የጠጉር ገመድ አሁንም መጥረጊያዎቹ ላይ ታስሮ ነበር። ልፈታው ስል የሺ "ተወው" አለችኝ። ጎረቤቶች መኪናውን ከበው ሁሉም በአንድ ላይ ጠየቁን፤ መንገዱ እንዴት ነበር፣ ዝናቡ እንዴት ነበር፣ ያቺ ሞተር ሠራች ወይ። እኔ ስለ ካርቦኑ ለመተረክ ጉሮሮዬን ስጠርግ የሺ ቀደመችኝ።

"ልጄ ደህና ናት" አለች።