«ጠፋች» አይባልም

ያለ ስብሰባና ያለ አበል መንግሥትን ሲያመሰግን የሰማሁት ሰው ቢኖር እማማ ቦሼ ብቻ ናቸው።

እኔ ሶዶ ውስጥ ከአንድ መሥሪያ ቤት በር ፊት ለፊት ልብስ እሰፋለሁ። የስፌት መኪናዋ አባቴ ከጉራጌ አገር ሲመጣ ይዟት የመጣት ናት። ባለጉዳይ ሲመላለስ ሱሪው ያልቃል፤ ሱሪው ሲያልቅ ወደ እኔ ይመጣል። ስለዚህ በመሥሪያ ቤቱ አሠራር ላይ ምንም ቅሬታ የለኝም።

እማማ ቦሼ ቅቤ ነጋዴ ናቸው። ተወልደው ያደጉት ገሱባ ነው፤ ሶዶ የገቡት ተድረው ነው። ባላቸው ዳልጮ በጊዜ ስለሞቱባቸው አንድ ልጃቸውን ጩማን ብቻቸውን አሳደጉት። ጩማ አሥራ ሁለተኛ ክፍልን ጨርሶ ሥራ ፍለጋ ሲንከራተት ከኤርትራ ጋር ጦርነት ተነሳና ዘመተ። ጾረና ግንባር ድረስ ወሬው ይሰማ ነበር፤ ከዚያ ወዲያ የለም። ሰላም ተፈረመ ተባለ። የጎረቤት ልጆች ተመለሱ፤ ላልተመለሱትም ለየቤተሰባቸው መርዶ መጣ። ለጩማ ግን ሰውም መርዶም አልመጣም። እድርተኛው ተሰብስቦ ድንኳን እንትከል ሲላቸው፣ ማንን ልታለቅሱ ነው ብለው መለሱት።

ከዚያ ወደ መሥሪያ ቤቱ መጡ። ጉዳያቸውን የተቀበላቸው አቶ ሰብስቤ በአማርኛው በጣም የሚኮራ ሰው ነው። ሌላ የሚኮራበት ነገር ስለሌለው አልፈርድበትም። እማማ ቦሼ ደግሞ ቤታቸው የሚናገሩት ወላይትኛ ነው፤ አማርኛውን የለመዱት ገበያ ላይ ስለሆነ ወንዱን ከሴቱ ብዙም አይለዩበትም።

«ልጄ ጠፋች» አሉት።

«ወንድ ነው ሴት?»

«ወንድ ነች። ወታደር ነች።»

«እንግዲያው ‹ጠፋች› አይባልም። ‹ጠፋ› ነው የሚባለው» ብሎ አረማቸውና እንዳረመው መዘገበ።

ጾታውን አስተካክሎ ልጁን አበላሸው። በወታደር አነጋገር «ጠፋ» ማለት ከዳ፣ ጦሩን ጥሎ ሸሸ ማለት ነው። ግንባር ላይ ምን እንደ ሆነ ያልታወቀ ሰው ሌላ አጠራር አለው። አቶ ሰብስቤ ግን ሐሳቡ ሁሉ ሰዋስው ላይ ስለነበር ትርጉም የሚባለው ነገር አላስጨነቀውም።

ከዚያ ወዲህ እማማ ቦሼ የልጃቸውን ነገር ሊጠይቁ በመጡ ቁጥር አንድ መልስ ይሰጣቸዋል፤ እኛም በጥብቅ እየፈለግነው ነው ይሏቸዋል። እሳቸውም ፊታቸው ፈክቶ ይወጡና እኔ ዘንድ ጎራ ብለው መንግሥት ልጄን እየፈለገች ነው ይሉኛል። ቤተ ክርስቲያን ሄደው አቶ ሰብስቤን በስሙ ጠርተው ያስጸልዩለታል። ለጊፋታ በዓል ምርጥ ቅቤ ቋጥረው ያመጡለታል። እሱም በመልካም አስተዳደር መንፈስ ይቀበላቸዋል።

አንድ ጠዋት ሁለት ታጣቂዎች ቤታቸው ድረስ ሄዱ። አልጋው ሥር አዩ፤ ቆጥ ላይ ወጡ፤ ጓሮ ገብተው እንሰቱን እየገለጡ ፈተሹ። እማማ ቦሼ ጎደሬ ቀቅለው በዳጣ አቀረቡላቸውና ጩማ ይተኛበት የነበረውን መደብ እያሳዩ ሲያጫውቷቸው አረፈዱ። በኋላ ሲነግሩኝ ዓይናቸው ያበራ ነበር። እንዲህ ያለ ፍለጋ አይተው አያውቁም። ጾረና የቀረን ሰው ሶዶ መጥቶ እንሰት ሥር የሚፈልግ መንግሥት፣ እውነትም ፍለጋው ጥብቅ ነው።

ነገሩ የገባኝ ያን ጊዜ ነው። መቀሴን ጥዬ አቶ ሰብስቤ ዘንድ ገባሁና የሠራውን ነገርኩት። ደነገጠ። ለሴትዮዋ አዝኖ እንዳይመስላችሁ፤ ሰሞኑ ግምገማ ነበር። ወዲያው እማማ ቦሼ እንዲጠሩ አዘዘ። አማርኛው ቢያስቸግራቸው ላስተረጉም እኔም ገብቼ ተቀመጥኩ።

«እማማ፣ ትንሽ ስህተት ተፈጥሯል» አላቸው። «ልጅዎ ከድቶ እንደ ጠፋ ሆኖ ነው የተያዘው። የሚፈለገውም ሊታሰር ነው። አሁን አስተካክለን ‹የደረሰበት ያልታወቀ› እንለዋለን። ክብሩም ይመለስለታል።»

እያንዳንዱን ቃል በወላይትኛ ደገምኩላቸው። ያ ሁሉ ቅቤ፣ ያ ሁሉ ጸሎት፣ ያ ሁሉ ጎደሬ ለምን እንደ ነበር በእኔ አፍ ሰሙት። ይረግሙታል ብዬ ጠበቅሁ፤ እውነቱን ለመናገር ቢረግሙት ደስ ይለኝ ነበር። እሳቸው ግን ነጠላቸውን አስተካክለው ጠየቁት።

«ካስተካከልክ በኋላ ማን ይፈልጋታል?»

«ያኔማ ፍለጋ አይኖርም። ከበላይ አካል መግለጫ እስኪመጣ በትዕግሥት መጠበቅ ነው።»

«ከዳች ከተባለስ?»

«ከዳ ከተባለማ ይፈለጋል። እንደ ተገኘም ይታሰራል።»

«ትታሰር» አሉ እማማ ቦሼ። «እስር ቤቱን አውቃለሁ፤ ስንቅ አመላልሳለሁ። ልጄ እንዳልከዳች እኔ ካወቅሁ ይበቃል። አታስተካክል።»

አቶ ሰብስቤ የዘማች ክብር፣ የቤተሰብ ክብር እያለ ብዙ አስረዳ። እሳቸው ተነስተው ሄዱ። እኔ ያን ዕለት ከሰፋሁት ይልቅ የፈታሁት ይበልጣል፤ መስመሩ አልታይ ብሎኝ ነበር።

ገበያ መቼም ወሬ አያሳድርም። እማማ ቦሼ ቅቤውን እየሸጡ፣ ልጇ እንደ እሳቸው ልጅ ሳይመለስ መርዶውም ሳይመጣ የቀረባትን እናት ሁሉ አጠገባቸው አስቀምጠው መከሩ። በሚቀጥለው የገበያ ቀን ከቤሌ የመጣው አውቶቡስ እናቶች አራገፈ። ከጉኑኖም መጡ። የመሥሪያ ቤቱ ደጃፍ ሞላና ሰልፉ የስፌት መኪናዬ አጠገብ ደረሰ። ለዓመታት መግለጫ ሲጠብቁ የኖሩ ሴቶች ናቸው፤ አሁን ደግሞ የገዛ ልጃቸውን ሊከሱ ተሰልፈዋል። እማማ ቦሼ ከፊት ቆመው የሚባለውን ቃል በቃል ያስጠኗቸዋል። እሳቸው ራሳቸው ከእኔ ሲማሩት ነው የሰነበቱት።

አቶ ሰብስቤ በሩን ከፈተ። መጀመሪያ የገባችው ከቤሌ የመጣች አሮጊት ናት። ጃንጥላዋን ዘጋችና እንዳጠናችው ቀስ ብላ ተናገረች።

«ወንድ ልጄ ከድቷል። ፈልጉልኝ።»

አቶ ሰብስቤ እስክሪብቶውን እንደ ያዘ አፏን አፏን ያያታል። ጾታው ልክ ነው፤ የሚያርመው አጣ።