አባቴ ያቀኑት ኮምፒውተር

ዛሬ አንድ ጠረጴዛ ላይ የተቀመጡ ሁለት ኮምፒውተሮች አንዱ ሌላውን አላውቅህም ሲለው ዋለ።

ንፋስ መውጫ፣ ቤተሰብ ጋ ነኝ። አባቴ መሪጌታ ናቸው። ሲያዜሙ የቀዳሁት ድምፅ በሙሉ ያለው አሮጌው ኮምፒውተራቸው ላይ ነው፤ እሱ ደግሞ በየደቂቃው መጥፋት ጀምሯል። ጨርሶ ሳይሞት ወደ ላፕቶፔ ልገልብጠው ብዬ በኬብል አገናኘኋቸው። (ፍላሽ አትበሉኝ፤ የከተማው ፍላሽ ሁሉ ቫይረስ ነው።)

ፎልደሩን ሼር አደረግሁ፣ ፓስወርድ ቀየርኩ፣ ኬብል ቀየርኩ። እምቢ አለ።

በኋላ የሁለቱን ቀን ሳይ የእኔው 2015 ይላል፣ የእሳቸው 2007።

«አባባ፣ ቀኑን ነክተውታል?»

«ዘመኑን ስቶ ባገኘው አቀናሁለት» አሉኝ።

ለካ ቀናቸው ከተራራቀ ኮምፒውተሮች አይተማመኑም፤ ወደ ፈረንጁ ስመልሰው ወዲያው ተዋወቁ። ዜማው እየተገለበጠ ሳለ አባቴ ከኋላዬ ቆመው «ስትጨርስ ወደ ዓመተ ምሕረቱ መልሰው» አሉ።

መለስኩት።

እናንተ ቤትስ ኮምፒውተሩ ስንት ዓመተ ምሕረት ላይ ነው?