እናቴ «ልጄ» ያለቻት ወርቅነሽ

ወርቅነሽ አረፈች አሉኝ። ከይርጋጨፌ የደወለችልኝን ልጅ «ሌላ ወርቅነሽ ትሆናለች፣ በደንብ አጣሪ» ብዬ ዘጋሁባት። ፌስቡክ ስከፍት ፎቶዋ ሞልቶታል። አሁንም አላመንኩም።

ሁሉም «እናቴ ነበረች»፣ «እህቴ ነበረች» እያለ ሲጽፍ ሳይ ምን ተሰማኝ መሰላችሁ? ቀናሁ። ወርቄ ላይ መቅናት የጀመርኩት ገና በደርግ ጊዜ ነው።

ያኔ ዲላ ነበርን። እናቴ መርሳት ጀመረች። መጀመሪያ ድስት እሳት ላይ ትረሳ ነበር፣ ቀጥሎ ሰፈሩን ረሳች፣ በኋላ እኔን። አማርኛውም ጠፍቶባት የልጅነቷ ጌዴኡፋ ብቻ ቀራት። እኔ ደግሞ የከተማ ልጅ ነኝ፤ ጌዴኡፋ እሰማለሁ እንጂ ስናገረው ይሰባበርብኛል።

አንድ ቀን «ቡናው ቀልቷል፣ ኮንጋ ልሄድ ነው» ብላ ወጣች። ኮንጋ የተወለደችበት ነው። ሮጬ መንገድ ላይ ያዝኳት።

«እማዬ፣ ቤትሽ እዚህ ነው!»

«ይህቺ ሴት ማናት? አስጥሉኝ!» ብላ ጮኸች። ሰው ከበበን።

ወርቅነሽ የጤና ረዳት ነበረች፤ ከሥራ ስትመለስ ደረሰች። እሷም የኮንጋ ልጅ ናት። በጌዴኡፋ «እማማ፣ እኔም ወደዚያው ነኝ፤ አብረን እንሂድ» አለቻት። ክንድ ለክንድ ተያይዘው፣ ስለ ቡናው እያወሩ ትንሽ ሄዱና ዞረው ቤታችን ገቡ። እናቴ እጇን ይዛ «ልጄ» አለቻት።

የወለደችኝ እኔ በር ላይ ቆሜ!

ወርቄ ስትወጣ «አትሟገቻት፤ አጅቢያት» አለችኝ። ይቺን ቃሏን ዲላ ውስጥ ያልሰማ የለም።

ከዚያ ቀበሌ ሄዳ ለሥልጠና አዳራሽ ጠየቀች። ሊቀመንበሩ «ሰው ይጃጃል፤ ለዚህ ደግሞ ምን ሥልጠና ያስፈልጋል?» ሲላት «ለሚጃጁት አይደለም ጓድ፣ ለሚያስታምሟቸው ነው» አለችው። ልጆች፣ ምራቶች፣ የቤት ሠራተኞች ሆነን ተሰበሰብን። እኔን ወንበር ላይ አስቀምጣ ዓይኔን በሻሽ ሸፈነችና፣ አንዷ ምንም ሳትናገር መጥታ ፊቴን እንድታጥበኝ አደረገች። ሳላስበው እጇን መታሁት። ሴቶቹ ሳቁ። ወርቄ አልሳቀችም።

«አሁን እናትሽ ለምን እንደምትመታሽ ገባሽ?»

በማግስቱ እናቴን በተሰባበረው ጌዴኡፋዬ «ውሃው ለብ ያለ ነው፤ ላጥብሽ?» አልኳት። እጇን ዘረጋችልኝ። ስጨርስ ፀጉሬን ዳበሰችና «ደግ ልጅ ነሽ። እናትሽ ማን ናት?» አለችኝ።

ለኔ የደረሰኝ ይኸው ነው። «ልጄ» የምትለዋ ቃል እናቴ እስክታርፍ ድረስ የወርቄ ሆና ቀረች።

ከዚያ በኋላ አብሬያት ማሠልጠን ጀመርኩ። በየቤቱ ስንገባ እሷን ሲያዩ የአዛውንቶቹ ፊት ይበራል፤ እኔ ጓንት እየለበስኩ እበግናለሁ። ታውቅ ነበር። «ቅኚ፣ ግን ነገም ነይ» ትለኝ ነበር እየሳቀች።

ወርቄ፣ እናቴን ከኔ ቀድመሽ ልታገኚያት ነው አይደል? ይኸው ዛሬም ቀናሁብሽ። ሂጂ፣ ሳሚልኝ። በሰላም እረፊ፣ እህቴ።