እንጥሌን ያዩ፣ ጉሮሮዬን ያላዩ

ስሙኝ፣ ይቺን ሳትሰሙ አትሂዱ። መርፌ ከመወጋታችን በፊት የሚያሹን የአልኮል ጥጥ ሽታ አፍንጫዬ ላይ በመጣ ቁጥር፣ አውቶቡስ ውስጥም ልሁን ሥራ ላይ፣ ጥርሴን ነክሼ ነው የማሳልፈው። ሰው «ምን ነካህ?» ሲለኝ «ምንም» እላለሁ። ውሸቴን ነው። ንዴት ነው።

ከጎንደር ተነስተን፣ ሱዳንን አቋርጠን መጥተን ፔታህ ቲክቫ የሚባል ከተማ ቤት የተሰጠን ጊዜ የወተት ጥርሴን እንኳ አልጨረስኩም ነበር። በጋው ጥሩ ነበር። ከብሎኩ ጀርባ ሜዳው ላይ ኳስ ስንራገጥ እንውል ነበር፣ ሮጦ የሚቀድመኝ ልጅ አልነበረም፣ እናቴም ከበረንዳው ሆና «አንተ ልጅ፣ እግር ነው ክንፍ የወለድሁት?» እያለች ትስቅብኝ ነበር።

ከሱኮት፣ ከዳሱ በዓል፣ በኋላ ዝናቡ ሲጀምር ጉሮሮዬን አመመኝ፣ ምራቄን መዋጥ አቃተኝ፣ ሰውነቴ እንደ እሳት ነደደ። እናቴ ነጠላዋን አጣፍታ ወደ ክሊኒክ ወሰደችኝ፣ ከኛ ቀድሞ መጥቶ ዕብራይስጥ የሚሞካክረውን ጎረቤታችንን አያ ወርቁንም እንዲያስተረጉምላት ይዛው ሄደች። ዶክተሯ አፌን አስከፍታ፣ ምላሴን በእንጨት ተጭና አየችና ክው አለች። ጉሮሮዬ ስለቀላ እንዳይመስላችሁ። እንጥል የለኝም። አራስ ሳለሁ ተቆርጫለሁ። በኛ አገር እንጥሉ ያበጠ ሕፃን ታፍኖ ይሞታል ተብሎ ስለሚፈራ፣ አዋቂ ይጠራና ይቆርጠዋል፤ በኛ መንደር ያልተቆረጠ ሰው ብትፈልጉ አታገኙም ነበር።

ዶክተሯ ወጥታ ሌላ ዶክተር ጠራች፣ እሱም ሌላ ጠራ፣ ነርሶቹም ተከትለው ገቡ፣ ሁሉም በየተራ «አአ በል» እያለ አፌን እንደ ዋሻ ሲጎበኝ እንባዬ ይወርድ ነበር። ከዚያ ሁሉ ሰው ግን ጉሮሮዬን በጥጥ ነካ አድርጎ፣ ምን አለበት ብሎ ለምርመራ የላከ አንድ አልተገኘም። ይልቅ ዶክተሯ ዞር ብላ እናቴ ላይ ጮኸችባት።

«ምን አለች?» አለች እናቴ።

አያ ወርቁ ራሱን አከከ። «ጥሩ አይደለም ነው የምትለው።»

«ይህን ሁሉ ጮሃ፣ ጥሩ አይደለም ብቻ? ተው እንጂ አያ ወርቁ፣ እንዳለችው ንገረኝ።»

«አውሬ እንጂ እናት ልጇን እንዲህ አታደርግም ነው የምትለው። ሕመሙም ከዚያ የመጣ ነው አለች። በቃ፣ ሌላ አትጠይቂኝ።»

የትኩሳት ኪኒን ሰጥተው ሸኙን። ቤት ስንገባ እናቴ «ከእንግዲህ እነዚህ ሰዎች ፊት አፍህን እንዳትከፍት» አለችኝ።

ያን ክረምት ጉሮሮዬ ሻል ይለው ነበር፣ ደግሞ ይነሳበት ነበር፣ እናቴም ጦስኝ አፍልታ በማር እያጠጣችኝ፣ ብርድ ልብሱን ሁሉ እየደራረበችብኝ አጠገቤ ትቀመጥ ነበር። ክሊኒክ የሚባል ነገር ቤታችን ውስጥ አይነሳም ነበር። ልጇን ስለማትወድ መሰላችሁ? ውርደት ነው። አንዴ አውሬ የተባለ ሰው፣ ወደተባለበት ቤት በገዛ እግሩ አይመለስም።

ፋሲካ ሲቃረብ፣ ብርቱካኑ ሲያብብ፣ ጉልበቴ አበጠ። እሱ ሲተወኝ ቁርጭምጭሚቴን ያዘኝ፣ ከዚያ ወደ ክርኔ ወጣ፣ አስተማሪዬም ስፖርት ላለመሥራት የማስመስል መስሎት ያሾፍብኝ ነበር። አንድ ቀን ጠዋት መነሳት ሲያቅተኝ አያ ወርቁ በጀርባው አዝሎኝ፣ እናቴ ከኋላ እየተከተለች፣ ሆስፒታል ሄድን።

እዚያ ያየኝ ዶክተር ሽማግሌ ነው። ጉልበቴን ነካካና በአያ ወርቁ በኩል እናቴን ጠየቃት፤ «በቅርቡ ጉሮሮውን ታሞ ነበር?»

«የለም» አለች እናቴ። «ጉሮሮው ደህና ነው።»

አያ ወርቁ አያት። አየችው። ከዚያ አንገቱን ደፍቶ «ሎ» አለ፣ አይደለም ማለቱ ነው።

እኔ ያን ጊዜ ከትምህርት ቤት ዕብራይስጥ ለቃቅሜ ነበርና «ያመኝ ነበር፣ ክረምቱን ሁሉ» አልኩት በእጄ ጉሮሮዬን ይዤ። እናቴ ቋንቋውን ባትሰማም እጄን አይታ ገባት፣ አፌን ልትሸፍን የነጠላዋን ጫፍ ሰነዘረች። ዶክተሩ ግን አልጮኸም። አፌን ከፍቶ ጉሮሮዬን በጥጥ ነካ፣ ደም አስቀዳኝ፣ ደረቴ ላይ ማዳመጫውን አድርጎ ብዙ ቆየ።

ነገሩ በኋላ ተነገረን። ጉሮሮ ውስጥ የሚገባ ጀርም አለ፣ በመድኃኒት ካልተገደለ ሰውነት በራሱ ላይ ይነሳና መገጣጠሚያንና ልብን ያጠቃል። መገጣጠሚያው ይድናል፣ ደም የሚያሳልፈው የልብ በር ግን ከተበላሸ ተበላሸ። የኔው ተበላሽቷል። መጀመሪያውኑ የጥቂት ቀን ፔኒሲሊን ቢሰጠኝ እዚያው ያልቅ ነበር። አሁን ጀርሙ ተመልሶ እንዳይመጣ በየወሩ መርፌ፣ ለዓመታት፣ እንደ ሊጥ የወፈረ፣ ሲገባ እግር የሚያደነዝዝ መርፌ።

እናቴ አንድ ነገር ብቻ ጠየቀች። «ታዲያ ከእንጥሉ አይደለም?»

«እንጥልን ከዚህ ጋር ምን አገናኘው ይላል» አላት አያ ወርቁ።

ወለሉ ላይ ቁጭ አለች።

ዛሬ እዚሁ የተወለደው ታናሽ ወንድሜ ጉሮሮውን ሲያመው ወዲያው በጥጥ ይመረምሩታል፣ ሽሮፑን ይሰጡታል፣ በሳምንቱ ኳስ ሜዳ ነው። በሰደር፣ እሺ ይሁን፣ ደስ ይለኛል። እኔ ሰጉላ በሚባለው የፋብሪካ ሰፈር መጋዘን ውስጥ እየሠራሁ ደረጃ በወጣሁ ቁጥር እንደ ሽማግሌ አለከልካለሁ፣ እኩዮቼ ጦር ሠራዊት ሲገቡ እኔን አልፈለጉኝም፣ መርፌውንም እስከ ዛሬ እወጋለሁ። እናቴ አብራኝ ትመጣለች፣ ከኮሪደሩ ግን አታልፍም፤ «አንተው ግባ፣ እኔን ካዩ ይቆጡሃል» ትለኛለች።

እናንተ አፌን ለማየት የተሰበሰባችሁ፣ እናንተን ነው የምጠይቀው፤ ለኔ መርፌ ታዘዘልኝ፣ ለሷስ ምን አዘዛችሁላት?